ጣራው ሳይዘጋ

ዛሬ ስለ ባቡር ላወጋችሁ ነው። ኧረ አትሽሹ! የሜጋ ፕሮጀክት ሪፖርት አላነብላችሁም። የማወጋችሁ ስለ መጫወቻ ባቡር ነው። እንዲያውም ከዚያም ላነሰ ነገር ነው የተነሳሁት፤ መጫወቻው ባቡር ፉርጎዎች ውስጥ ስለሚበራው መብራት። (“ይሄ ልጅ ወሬ አለቀበት” ያላችሁ ትኖራላችሁ። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።)

አገሬ ሐይቅ ነው። ከደሴ ተነስታችሁ ወደ ወልድያ ስትጓዙ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ የምታገኟት፣ ስሟን ከአጠገቧ ከተኛው ውኃ የወሰደች ከተማ ናት። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው። መንገዱን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትቀጥሉ ደግሞ አምባሰል ትገባላችሁ። ከአራቱ ቅኝቶች የአንዱ ስም የሆነው አምባሰል፣ የ1881 ዓ.ም.ቱ ውል የተፈረመበት ውጫሌ… ሁሉም እዚያው ሰፈር ናቸው። ይህን ሁሉ የምደረድረው ታሪክ አልጎደለንም ለማለት ነው። የጎደለን ባቡር ነው።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ዘንድ “ባቡር” ሲባል ለትልልቆቹ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው የእህል ወፍጮ ነው። “የት ሄደች?” “ባቡር ቤት” ከተባለ፣ ሴትየዋ ጤፍ ወይም ማሽላ ተሸክማ ወጥታለች ማለት ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርስ ባቡር ሊሠራ ነው ተብሎ በተወራ ጊዜ፣ አያቴ ዱዓዋን አድርሳ ስታበቃ “እሰይ! ወረፋው ይቀልልናላ!” አለች። እኛ በሳቅ ፈረስን። አሁን ሳስበው ግን የሳቀችብን እሷ ሳትሆን አትቀርም። የእሷ ባቡር ቢያንስ ይፈጫል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው እረፍት ወጥቼ አገር ቤት ስሄድ፣ የአክስቴ ልጅ ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ደብቆ ያሳየኛል። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ ደርሶ በመጣ ጊዜ ሐዲዱን አይቷል። ባቡር ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ በስልክ ካልሆነ። ሐዲድ አይቶ ባቡር ያላየ ትውልድ የእኛ አገር ልጅ ነው። እና ልጁ ምን አደረገ? ያላየውን ሠራው።

አራት ፉርጎ አለው። ፉርጎዎቹ የጁስ ካርቶን ናቸው። ጎማዎቹ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን። ሐዲዱ በስስ ጣውላ ላይ በሚስማር የተመታ የአጥር ሽቦ። የሚጎትተው ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ የወጣ ዲናሞ ነው። እኛ በልጅነታችን ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ስንሠራ እንደነበረው ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። (እኛማ አፋችን ነበር ሞተራችን።) ይሄኛው በራሱ ይሄዳል። እየተንገዳገደ ቢሆንም ይሄዳል።

አብረን ለካነው። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር ሆነ። አዲሱ የአገራችን ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ሲካፈል የልጁ ባቡር ከእውነተኛው 36 ጊዜ ያህል ያንሳል ማለት ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ። ወዲያው ማስመሪያ አንስቶ በሩን ለካ። “ስለዚህ የሁለት ሜትር በር አምስት ሳንቲ ሜትር ተኩል መሆን ነበረበት! እኔ ሦስት ነው የቆረጥኩት። ሰው ጎንበስ ብሎም አይገባም!” ብሎ አዘነ። በማግስቱ የአራቱንም ፉርጎ በር እንደገና ቀደደ። ማንም አላዘዘውም። እኔ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ። ሊገባ ለማይመጣ ሰው በር ማስፋት ምን ይባላል?

ይህ በዓለም ላይ ትልልቅ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚሰጡት ሥራ ነው። ከሁሉም የተለመደው ልክ እውነተኛውን በ87 የሚያካፍለው ነው። በዚያ ልክ የአሁኑ ሐዲዳችን 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ስለነበር ለእሱ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ጀርመን አገር ማርክሊን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1859 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ መጫወቻ ባቡር ይሸጣል። ሃምቡርግ ውስጥ ደግሞ ሁለት መንታ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚባል ቦታ አለ፤ የትንንሽ ባቡሮች አገር በሉት። እዚያ አዳራሹ ውስጥ በየጊዜው ሆን ተብሎ ይመሻል። ጣሪያው ላይ ያለው ብርሃን ቀስ ብሎ ይደበዝዝና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን መብራቶች ይበራሉ፤ በቤቶቹ፣ በመንገዶቹ፣ በባቡሮቹ መስኮት። ቀን ላይ የምታዩት መጫወቻ ነው። ሲመሽ ግን መስኮቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስላችኋል።

ዘመዴ ይህን ሁሉ አያውቅም። ግን ያው ነገር በራሱ ተገልጦለታል። “ባቡሩ ጨርሷል፣ ግን የሞተ ይመስላል” አለኝ። “ለምን?” “ውስጡ ጨለማ ነዋ!”

እና መብራት ማስገባት ጀመርን። እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ሽቦ ጉዳይ ልገባ ነው፣ የፊዚክስ መምህራችሁ ያስቀየሟችሁ ካላችሁ ይቅርታ።

አምፖሎቹን ያገኘነው ከተበላሸ የሶላር ፋኖስ ነው። ፋኖሱ የሞተው ባትሪው ስለሞተ እንጂ ኤል ኢ ዲዎቹ ደህና ነበሩ። ልጁ ለመጀመሪያው ፉርጎ ሦስት ኤል ኢ ዲ ወሰደ፣ አንዱን ከአንዱ ጭራ ቀጥሎ እንደ መቁጠሪያ ደረደራቸው፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ አገናኘ። ዝም። ገለበጠው። ዝም። አንድ ነጭ ኤል ኢ ዲ ለመብራት ሦስት ቮልት ያህል ይፈልጋል። ሦስቱ ተከታትለው ሲታሰሩ ዘጠኝ ቮልት ይጠይቃሉ፤ ሁለት ድንጋይ ያለው ደግሞ ሦስት ቮልት ብቻ ነው። አንድ እንጀራ ለሦስት ሰው ደርሶ ማንም እንዳልጠገበ ቁጠሩት። ጎን ለጎን ሲያስራቸው ግን ሦስቱም ቦግ አሉ። ልጁ ጮኸ፤ አክስቴ ከማጀት “ምን ሆንክ?” ብላ ሮጣ መጣች።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ድንጋዮቹ ትንሽ ሲደክሙ መብራቱ ፈዘዘ። ሦስተኛ ድንጋይ ጨመረ፤ 4.5 ቮልት ሆነ። ሁለት ኤል ኢ ዲ በአንድ ጊዜ ተቃጠሉ። እዚህ ላይ ነው ሬዚስተር የሚመጣው። የተትረፈረፈው ቮልት 1.5 ነው። በአንድ አምፖል ውስጥ 15 ሚሊ አምፒር ብቻ እንዲያልፍ ከፈለግን 1.5ን ለ0.015 ማካፈል፣ 100 ኦም። ከአሮጌ ሬዲዮ ሰሌዳ ላይ ፈልገን አገኘናቸው። ልጁ ሲያካፍል ቆየና ቀና ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ቆይ… ይሄ እኮ የኦም ሕግ ነው! ክፍል ውስጥ የተማርነው!” አዎ ወንድሜ፣ እሱው ነው። ደብተርህ ላይ አስምረህበት ነበር፣ ፈተናም ላይ ጽፈኸው ነበር። ዛሬ ግን አየኸው።

ቀጥሎ ደግሞ ዲናሞውና መብራቱ ከአንድ ድንጋይ ይጠጡ ስለነበር ባቡሩ በተነሳ ቁጥር መብራቱ እንደ ሰፈራችን መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ለየብቻ ሰጣቸው። በትልልቆቹ መጫወቻ ባቡሮች ላይ መብራቱ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከሐዲዱ በጎማው በኩል ነው፤ ሐዲዱ ላይ አቧራ ካለ ብልጭ ድርግም ይላል። ለዚያ መድኃኒቱ ካፓሲተር ነው፤ ሲያገኝ አጠራቅሞ ሲቋረጥ የሚያቀብል። ልጁን ይህን ስነግረው “እንደ ፓወር ባንክ?” አለ። እንደዚያው።

ብርሃኑም ራሱን የቻለ ችግር ነበረበት። ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ዓይን የሚወጋ፣ የተረኛ ሐኪም ክፍል የመሰለ ብርሃን። “እዚህ ውስጥ ማን ይተኛል?” አለ። የቢጫ ከረሜላ ልጣጭ አጥቦ ጠቀለለበት፤ ብርሃኑ የኩራዝ መሰለ። የጁስ ካርቶን ውስጡ ብርማ ስለሆነ ደግሞ ብርሃኑን አንጸባርቆ እስከ ጥግ ያደርሰዋል። የተጣለ ካርቶን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል!

ከዚያ መንገደኞቹን አስገባ፤ የክብሪት እንጨት ናቸው። በባቡሩ ልክ ሲሰላ አንዱ ክብሪት አጠር ያለ ሰው ይሆናል። (ጭንቅላታቸው በቀላሉ የሚቀጣጠል መሆኑ ደግሞ እውነተኛ የዘመኑ መንገደኞች ያደርጋቸዋል።) አንዷን በፋሻ ነጠላ አለበሳት። “ይህቺ አያቴ ናት፤ ባቡር ቤት ልትሄድ ነው” አለኝ።

አሁን የዛሬው ጽሑፌ ወደ ተነሳበት ነገር ደረስኩ። ልጁ የመጀመሪያውን ፉርጎ የሠራው እኔም እናንተም እንደምንሠራው ነው፤ ግድግዳ፣ መስኮት፣ ከዚያ ጣራውን በኮላ ግጥም! መብራት የታሰበው በኋላ ነው። ስለዚህ አንዲት ሽቦ በተነቀለች ቁጥር ጣራውን በምላጭ መቅደድ ነበረበት። ሦስት ጊዜ ተቀዶ ሦስት ጊዜ ተለጠፈ፤ ሄዶ ሄዶ የመጀመሪያው ፉርጎ በጦርነት ያለፈ መሰለ። ሁለተኛውን ሲሠራ ግን መጀመሪያ ሽቦውን ዘረጋ፣ አብርቶ አየ፣ መንገደኛ አስቀመጠ፣ ጣራውን በላስቲክ ብቻ ያዘው። ለምን አትለጥፈውም ስለው “ጣራ የመጨረሻ ነው። መብራቱ ሳይበራ ጣራ አይዘጋም፤ ከተዘጋም በኋላ መከፈት መቻል አለበት” አለኝ። የ14 ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ትልቁ ባቡር ነው።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ውል ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራራ ተበሳ፣ ድልድይ ተሠራ፤ ወሎን የሚያውቅ ሰው እዚያ መሬት ላይ ሐዲድ መዘርጋት ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። መስመሩ የታሰበው በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሄድ ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍል በአብዛኛው ተጠናቀቀ ሲባል ግን ኃይል የሚያመጡለት የማስተላለፊያ መስመሮች አብረው አልደረሱም። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ መብራቱ የለም። ጣራው ተዘግቷል እንግዲህ! ከዚያም ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ የሆኑትን የማያውቅ የለም። የባቡሩ ፕሮጀክት ንብረትም ተዘረፈ፣ ተጎዳ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። መሐንዲሶቹ ኤሌክትሪክ ረሱ እያልኩ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር፣ ሥራው በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች እጅ የተከፋፈለ ነበር፣ ጦርነት ደግሞ የማንንም ዕቅድ አይጠይቅም። ግን ልማዳችንን እዩት። የምንመርቀው የሚታየውን ነው። ሪባን የሚቆረጠው ከጣራው ሥር ነው። ሕንጻው ሲያልቅ እንጂ ቧንቧው ውኃ ሲያመጣ ሪባን አይቆረጥም። ትምህርት ቤቱ ይመረቃል፣ ቤተ ሙከራው ቁልፍ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ባቡር እንኳን የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም.። 15 ወራት ያህል ልዩነት አለው። ምረቃችን ሁልጊዜ ከመብራቱ ይቀድማል።

የውስጥ መብራት ምን ልዩነት አለው ትሉኝ ይሆናል። እኔ የገባኝ ይህ ነው፤ ባቡርን ከውጭ ስትሠሩት የምታስቡት ስለሚያይ ሰው ነው። መብራት ውስጡ ስታስገቡ የምታስቡት ስለሚቀመጥ ሰው ነው። ማታ እየመጣች ያለች እናት ልጇን የት እንዳስተኛች ታያለች? ቲኬቱን ማንበብ ይቻላል? የማያውቁት ሰው አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ፊቱን ታየዋለች? መብራት ጌጥ ሳይሆን “ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ ነበር” የሚል ምስክር ነው። ዘመዴ በሩን ያሰፋው፣ ብርሃኑን ያለዘበው፣ ለክብሪት እንጨት ነጠላ ያለበሰው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አሳዛኙ ክፍል። ልጁ ባቡሩን ይዞ ለሳይንስና ፈጠራ ትርኢት ቀረበ። ትርኢቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፣ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። በፀሐይ የኤል ኢ ዲ መብራት ማን ያያል? የሚገመግሙት ሰዎች መጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ “ጎበዝ። ጥቅሙ ምንድን ነው?” አሉት። ልጁ ምን ይበል? “ውስጡ ይበራል” አለ። ሳቁ። የተሳትፎ ሰርተፍኬት ተሰጠው። ቤት ሲመለስ አባቱ “የድንጋዩ ብር ለደብተር ይሆን ነበር” አለው። ባቡሩ አልጋ ሥር ገባ።

እዚያ ይቀር ነበር። ከሳምንት በኋላ አንድ ማታ፣ ጎረቤት ለቡና ተሰብስቦ ሁለተኛው ሊቀዳ ሲል፣ መብራት ጠፋ። እንደ ልማዱ። ክብሪት ፍለጋ ተጀመረ። ክብሪቱ የት አለ? (ባቡር ተሳፍሯል!) በመጨረሻ አክስቴ በጨለማ ውስጥ “ኧረ አንተ ልጅ፣ ያንን ባቡርህን አምጣው!” አለች። አመጣው። አራቱን ፉርጎ ረከቦቱ አጠገብ ደረደረና አበራቸው። ሃያ አራት ጥቃቅን መስኮት። ቡናው በባቡር መብራት ተቀዳ። ጎረቤቶቻችን ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ማየት ጀመሩ። “ይህቺ ነጠላ የለበሰችው ማን ናት?” “ይሄኛውስ ቆሞ የሚሄደው ቦታ አጥቶ ነው?” አባትየው ምንም አልተናገረም። ጥቂት ቆይቶ ግን አንዱ ፉርጎ ሲደበዝዝ ጊዜ፣ ከኪሱ የእጅ ባትሪውን አውጥቶ ድንጋዮቹን ፈታና ለልጁ አቀበለው። “ጥቅሙ ምንድን ነው?” ያሉት ሰዎች በዚያ ሰዓት ቢኖሩ ደስ ባለኝ። ስህተቱ የልጁ አልነበረም። ብርሃንን በቀን ነው የፈተኑት።

“ሕዝብ በኑሮ ውድነትና በጦርነት ሲንገላታ አንተ ስለ ካርቶን ባቡር ትጽፋለህ?” የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም።

አንደኛ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ላይ የምሁራን ክርክር ተካሂዷል። እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ግን አንድ ልጅ የኦም ሕግን ክፍል ውስጥ ሸምድዶት፣ ጓዳ ውስጥ ሁለት አምፖል አቃጥሎ ሲረዳው በዓይኔ አይቻለሁ። ሽምደዳው ዋጋ የለውም አላልኩም፤ ግን ብቻውን ጨለማ ነው።

ሁለተኛ፣ ባቡር ሐዲድ ብቻ አይደለም፤ እጅ ነው። የጅቡቲው መስመር ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ጣቢያው ብቻ አልነበረም። ዎርክሾፑም ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ ብረት የሚያውቅ፣ የተሰበረ የሚጠግን ሰው ያወጣው እሱ ነው። ወደ ዛሬ ኑ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። በዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ በመለዋወጫና በጥገና ችግር ከሥራ ወጡ። እዚህ አዲስ አበባ እኔ ማታ ማታ ከስታዲየም ወዲህ ከፍ ባለው ሐዲድ ላይ አንድ ባቡር መስኮቱ በርቶ ሲያልፍ ቆሜ አያለሁ። ያምራል። ቀጣዩ እስኪመጣ ግን ብዙ ትቆማላችሁ። ነገ በወሎ ሐዲድ ላይ ባቡር ሲመጣ (ይመጣል ብዬ ነው የምኖረው) ማን ይጠግነዋል? “ድንጋይ አታባክን” የተባለው ልጅ ወይስ መለዋወጫ ጠብቆ የሚቆም ሠራተኛ?

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው፤ በጀት አይጠይቅም። መምህራን ሆይ፣ ቁልፉን ክፈቱት። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው ዕቃ ተማሪ ቢሰብረው ይሻላል፣ አቧራ ከሚሰብረው። የተቃጠለ አምፖል ኪሳራ አይደለም፣ የትምህርቱ ዋጋ ነው። የትርኢት አዘጋጆች ሆይ፣ መብራት የሠራ ልጅ ካለ መጋረጃ ዝጉለት። “ጥቅሙ ምንድን ነው?” ከማለታችሁ በፊት “እንዴት ሠራኸው?” በሉት። ወላጆች፣ የተበላሸ ፋኖስና ሬዲዮ ከመጣላችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት፤ ለእናንተ ቆሻሻ የሆነው ለእሱ የመለዋወጫ መጋዘን ነው። የሞተውን ድንጋይ ግን ለሕፃናት መጫወቻ አታድርጉት፤ ሲፈስ ይጎዳል።

እናንተ ደግሞ፣ ይህን በስልካችሁ የምታነቡ የከተማ ልጆች፣ እረፍት ወጥታችሁ አገር ቤት ስትሄዱ ለታናናሾቻችሁ ቲሸርትና ብስኩት ብቻ አትውሰዱ። ጥቂት ኤል ኢ ዲ፣ ጥቂት ሬዚስተር፣ አንዲት ትንሽ ፒንሳ ጨምሩበት። አብራችሁም ተቀመጡ፤ ዕቃው ብቻውን ከሄደ እንደ ቤተ ሙከራው ቁልፍ ያለ ዕቃ ይሆናል። እኔ ስመለስ ለልጁ ያንኑ ነው የገዛሁለት። ሽቦው ከተበጠሰ የት ላይ እንደተበጠሰ የሚያሳውቅ አንድ መለኪያም ጨምሬበታለሁ።

ከትልቁ ባቡር ባለቤቶችም የምለምነው አለኝ። ሥራው ሲቀጥል የመጨረሻው በጀት የሚመደበው ለመብራቱ አይሁን። መጀመሪያ አብርታችሁ እዩት። ከዚያ ሪባኑን ቁረጡ፤ እኛም ማጨብጨቡ አያቅተንም።

ባለፈው ሳምንት ለልጁ ደወልኩለት። አምስተኛ ፉርጎ ጀምሯል። “ምንድን ነው የሚጭነው?” አልኩት። “ወፍጮ” አለኝ። አያቱ አዝዛው ነው። ሁለተኛ ዲናሞ አግኝቷል፤ ባቡሩ እየሄደ የሚፈጭ ፉርጎ ሊሠራ ነው። “ጣራውስ?” አልኩት።

“ገና ነው። መብራቱን እያበራሁ ነው።”

ቸር ይግጠመን።